በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ቋራ መውረድ፦ ከጎንደር እስከ ገለጉ

ጎንደሬ «እገሌ በረሃ ወረደ» ሲል አሸዋና ግመል አያስብም። የቋራ በረሃ ጫካ ነው፦ የቆላ ቀርከሃ፣ ግራር፣ የዕጣን ዛፍ፣ በክረምት ደግሞ ቆሞ የሚሄድ ሰው የሚሰውር ሣር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። የቋራ ወረዳ መቀመጫ ወደሆነችው ገለጉ ለመድረስ ወደ 1,500 ሜትር ቁልቁል ይወረዳል። ማለዳ ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሰው ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን መክፈት ይጀምራል።

ይህ መመሪያ ሊያስተምሩ፣ ሊያክሙ ወይም የጤና ትምህርት ሊሰጡ ለ21 ቀን ያህል ለሚወርዱ፣ ከ4 እስከ 8 ሰው ለሚሆኑ ቡድኖች የተጻፈ ነው። ስሌቱ ሁሉ የተሠራው ለ6 ሰው ነው። ቋራ የሚያስቸግረው ሲገቡ ሳይሆን ሲወጡ ነው። መግቢያውን ብቻ አቅዶ የወረደ ቡድን ዝናብ ወይም የመንገድ መዘጋት ሲይዘው ስንቁ ያልቃል፣ መድኃኒቱ ያልቃል፣ በመጨረሻም ሊረዳው የሄደው ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ማንኛውም ቁጥር በ21 ቀን ላይ የ10 ቀን መጠባበቂያ የተጨመረበት ነው፤ 31 ቀን ብላችሁ አስሉ።

አንደኛ፦ ወሩን ምረጡ

ትልቁ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በአገራችን የክረምት ሥራ ሆኗል፤ ተማሪውም መምህሩም የሚያርፈው ሐምሌና ነሐሴ ነው። የቋራ መንገድ የሚበላሸውም በእነዚሁ ሁለት ወራት ነው። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው። ደረቅ ሲሆን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ መኪናውን ያቆማል።

ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ያዙ። መንገዱ ደርቋል፣ ሙቀቱ ገና አልከረረም፣ ትንኙም ቀንሷል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሆናችሁ በሁለቱ መንፈቀ ዓመቶች መካከል ያለችውን ረፍት ተጠቀሙባት። ከጥምቀት በፊትና በኋላ ያለውን ሳምንት ግን ተዉት፤ ያን ጊዜ ጎንደር ላይ አልጋም መኪናም አይገኝም።

ሌሎቹ ወራት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ችግር አላቸው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። የሰሊጥ አጨዳም ያኔ ስለሚደርስ «ሳሉግ» የሚባለው የቀን ሠራተኛ ከደጋ በብዛት ይወርዳል፤ ወንበር ይጠፋል፣ ዋጋም ይወደዳል። (የጤና ባለሙያዎች ቡድን ከሆናችሁ ግን ሥራው የሚበዛው ያኔ ነውና ችግሩን ችላችሁ ውረዱ።) ከመጋቢት እስከ ሰኔ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካላዛር የሚባለውን፣ ረጅም ትኩሳትና የጣፊያ እብጠት የሚያመጣ በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም በደረቁ ወራት መጨረሻ ትበዛለች።

ክረምት ካልሆነ አይሆንልንም የምትሉ፣ መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ሳይጠግብ፣ ሰኔ አጋማሽ አካባቢ ግቡ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተነስቶ ነሐሴ አጋማሽ እመለሳለሁ ማለት አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ማለቅ ነው።

ሁለተኛ፦ ወረቀት

የላካችሁ ተቋም ለምዕራብ ጎንደር ዞንና ለቋራ ወረዳ የትብብር ደብዳቤ ይጻፍ። ዞኑ መቀመጫው ገንዳ ውሃ፣ ወረዳው ደግሞ ገለጉ ነው። ደብዳቤው የሁሉንም ሰው ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የሥራውን ዓይነት፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን፣ ቲተርና ማህተም ይያዝ። የጤና ሥራ ከሆነ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ፣ ትምህርት ከሆነ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ለብቻ ይጻፍ፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል አንድ ደብዳቤ ማንም የኔ ነው ብሎ አይቀበለውም።

ቢያንስ 8 ቅጂ አባዙ። ኬላ ላይ አንዳንዱ ቅጂውን ያስቀረዋል። ዋናው በላስቲክ ተጠቅልሎ አስተባባሪው ጋር ይሁን፤ እያንዳንዱ ሰውም የራሱን ቅጂ ይያዝ፣ ምክንያቱም መኪና ሲሞላ ቡድኑ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። መድኃኒት የምትይዙ ከሆነ ዓይነቱና ብዛቱ የተዘረዘረበት፣ ማህተም ያረፈበት ዝርዝር ለብቻ ያዙ። ካርቶን ሙሉ መድኃኒት ያለ ወረቀት ወደ ድንበር አካባቢ ይዞ መሄድ ኮንትሮባንድ ያስመስላል።

ሦስተኛ፦ ሰውነትን ማዘጋጀት

ከመውረዳችሁ 4 ሳምንት በፊት ሐኪም ዘንድ ቅረቡ። የመንጋጋ ቆልፍና የማጅራት ገትር ክትባት ጠይቁ።

የወባ መከላከያን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም ነው፤ በቀን አንድ ፍሬ። ከመውረድ 1 ወይም 2 ቀን በፊት ይጀመራል፣ እዚያ እስካላችሁ ይወሰዳል፣ ከተመለሱ በኋላም 4 ሳምንት ይቀጥላል። ስሌቱ 2 ቀን፣ 31 ቀን እና 28 ቀን ሲደመር 61 ፍሬ ለአንድ ሰው ነው። ስህተቱ የሚፈጸመው በመጨረሻው 28 ቀን ላይ ነው፤ ሰው ጎንደር ሲገባ ብርዱ ያስረሳውና ያቆመዋል። ጥገኛው ግን በጉበት ቆይቶ ወደ ደም የሚወጣው በኋላ ነው። ክኒኑን ምግብ በልታችሁ፣ በብዙ ውሃ ዋጡት፤ ከወተት ጋር አይወሰድም። ውጦ ወዲያው መተኛት ጉሮሮ ያቆስላል፣ ስለዚህ ከእራት ጋር እንጂ ከመኝታ ጋር አታድርጉት። ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋልና ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ለካላዛር ክትባትም ሆነ አስቀድሞ የሚዋጥ መድኃኒት የለም። መከላከያው አለመነከስ ብቻ ነው፤ አኗኗሩን ታች እናነሳዋለን።

አራተኛ፦ ጓዝ

ለአንድ ሰው ከ15 ኪሎ አይብለጥ። ከዚያ በላይ የሆነ ሻንጣ ወንዝ ዳር ላይ ተሸካሚ ይፈልጋል። ጎማ ያለው ሻንጣ አትያዙ፤ ዋልካ ላይ ጎማው ይሞታል።

መጀመሪያ አጎበር፦ ለእያንዳንዱ ሰው በመድኃኒት የተነከረ፣ አራት ማዕዘን የሆነ አንድ አጎበር፣ ከ10 ሜትር ሲባጎና ከ4 ሚስማር ጋር። አዲስ አጎበር ከመጠቀማችሁ በፊት ጥላ ላይ ለ24 ሰዓት ተዘርግቶ ይናፈስ፤ ይህ ካልተደረገ ፊት ያቃጥላል፣ ሰውም «አልቻልኩም» ብሎ ያወልቀዋል። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ መድኃኒቱ ይጠፋል።

ልብስ፦ ሁለት ረጅም ሱሪ፣ ሦስት እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ፣ ሁሉም ነጣ ያለ የጥጥ። የወታደር ልብስ የሚመስል ቀለም ያለው ነገር፣ ኮፍያም ቢሆን፣ ጎንደር ላይ አስቀሩ። ጫማ፦ በክረምት የላስቲክ ቦቲ፣ በበጋ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ። ሰንደል ለግቢ ብቻ ነው።

ብርሃን፦ ለእያንዳንዱ የእጅ ባትሪ፣ ለቡድኑ አንድ የሶላር መብራት ስልክ የሚሞላ። ኔትወርክና መብራት ሲጠፋ ቴሌብርም አብሮ ስለሚጠፋ ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ ግማሹ በ50 እና በ100 ብር ይሁን፣ በሁለት ሰው እጅም ይከፈል።

ለቡድኑ፦ 20 ሊትር የሚይዙ 3 ጀሪካን፣ 4 በ5 ሜትር ሸራ፣ 20 ሜትር ገመድ፣ አንድ አካፋ፣ አንድ ገጀራ፣ ክብሪት በላስቲክ የታሰረ። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት 10 ያህል ጨምሩ፤ ዕቃ ይይዛል፣ ጎማ ሥር ይነጠፋል፣ ዝናብ ላይ ይለበሳል። ከዚህ ሁሉ ዕቃ ዋጋውም ክብደቱም ትንሹ ከረጢቱ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከሁሉ ይበልጣል።

አምስተኛ፦ ስንቅ

ገለጉ ገበያ አለ፤ የማሽላ እንጀራ፣ ባሚያ፣ ሰሊጥ ይገኛል። መንገድ ሲዘጋ ግን ከደጋ የሚመጣው ሁሉ ይወደዳል፣ ከነዋሪው ጋር የምትሻሙትም ያኔ ነው። ለ6 ሰው ይህን ያዙ፦ ሽሮ 10 ኪሎ፣ በሶ 6 ኪሎ፣ ቆሎ 9 ኪሎ፣ ድርቆሽ 9 ኪሎ፣ በርበሬ 2 ኪሎ፣ ዘይት 6 ሊትር፣ ጨው 2 ኪሎ፣ ስኳር 5 ኪሎ፣ ቡና 3 ኪሎ።

ሽሮው የጾም ይሁን፤ ከቡድኑ ማን እንደሚጾም አስቀድሞ ቢጠየቅም ፍልሰታ ላይ የሚጀምር ሁልጊዜ አለ። ቅቤ ያለው ሽሮ በዚያ ሙቀት ቶሎም ይሻግታል። ድርቆሹና በሶው መጠባበቂያ ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት አይነኩ። ድርቆሽ እርጥበት ይስባል፤ በሁለት ላስቲክ አስራችሁ በ4 ቀን አንዴ ፀሐይ አሳዩት። አንድ ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ካያችሁ ያንን ብቻ ቆርሶ መጣል አይበቃም፣ ሙሉ ከረጢቱን አውጥታችሁ መርምሩ። ከቡናው አንዱ ኪሎ ለእናንተ አይደለም። ለሚያሳድራችሁ ቤት ነው፤ ባዶ እጅ አይገባም።

ስድስተኛ፦ መንገዱ

ጉዞውን በሁለት ቀን ክፈሉት። በአንድ ቀን የሚደርስ መኪና አይጠፋም፤ ጭለማ ከያዘው ግን የሚይዘው ከሁሉም የከፋው ቦታ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከጎንደር እስከ ገንዳ ውሃ ነው። ይህ ወደ መተማ የሚወስደው የአስፋልት መስመር ነው፤ መተማ ከጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። መናኸሪያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ድረሱ። አባዱላ ሲሞላ ነው የሚወጣው፤ ቀድሞ የመጣ የመሐል ወንበር ያገኛል፣ የዘገየ ኋላ ተጣጥፎ ይሄዳል። የዕቃ ሒሳብ ከረዳቱ ጋር ዕቃው ሳይጫን ተነጋገሩ፤ ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ዋጋው እሱ እንዳለው ነው። አጎበርና መድኃኒት ጣሪያ ላይ አይጫን።

አዘዞን አልፎ ጭልጋ፣ አይከል ላይ ቁርስ ይበላል። አይከል የመጨረሻው ብርድ ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ነጋዴ ባሕር ይወርዳል። መኪና ላይ የሚያስመልሰው ሰው ከአይከል በፊት ብዙ አይብላ። ከዚህ በታች ያለው ሙቀት በድንገት ስለሚመጣ ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ገንዳ ውሃ ስትደርሱ ሦስት ሥራ አለ፦ ደብዳቤውን ለዞን ማስገባት፣ መተማ ሆስፒታል እዚሁ ከተማ ስለሆነ የሚደወልበትን ቁጥር መያዝ፣ የነገውን መኪና መጠየቅ።

ሁለተኛው ቀን ከገንዳ ውሃ በሽንፋ በኩል እስከ ገለጉ ነው። ጠጠርና አፈር ነው። በበጋ አይሱዙና ፒካፕ ይገባል። በከባድ ክረምት የሚያዋጣው ትራክተር ነው፤ ተሳቢው ላይ መቀመጥ ግን አጥንት ያላቅቃል፣ ማዳበሪያ ከረጢቱን በሣር ሞልታችሁ ተቀመጡበት። ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል የሚወርድ ምዕመን ብዙ ስለሆነ አንዳንዴ ለጸበልተኛ የተዘጋጀ መኪና ላይ ቦታ ይገኛል። ጸበሉ ላይ የምታርፉ ከሆነ ሰው የሚበዛበት ቦታ መሆኑን አትርሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ኮሌራ ተነስቶ ነበር። የራሳችሁን ውሃና ሳሙና ይዛችሁ ግቡ።

ስለ ጸጥታ ሳይሸፋፈን መናገር ይሻላል። በዚህ መስመር እገታና ዘረፋ የታወቀ ስጋት ነው፤ የመንገዱም ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ምሽት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ጠይቁ፦ በዚያ ቀን ከዚያ የመጣ ሹፌር፣ ገለጉ ያለ የሚቀበላችሁ ሰው፣ እና አንድ ነጋዴ። ሹፌር ገበያውን ስለሚፈልግ «ሰላም ነው» ይላል፤ ነጋዴ ግን ዕቃውን የሚጭነው መንገዱን አምኖ ነው፣ ስለዚህ ጭነት ካቆመ እናንተም ቁሙ። ከሦስቱ አንዱ «ቆዩ» ካለ ይቆያል፤ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። የምትነሱበትን ቀንና መኪና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ካለፈ ከከተማ አትውጡ። ኬላ ላይ ፎቶ የለም፣ ስልክ በእጅ አይያዝም፣ የሚናገረው አስተባባሪው ብቻ ነው።

ካሳ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1818 እ.ኤ.አ. ቋራ ተወልዶ ሲሸፍት ይህንን ቆላ መሸሸጊያ ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። መሬቱ የሚያውቀውን ይደብቃል፣ የማያውቀውን ያስራል።

ሰባተኛ፦ ዋልካና ወንዝ

ዝናብ ከዘነበ በኋላ ቸኩሎ መነሳት ትልቁ ጥፋት ነው። ፀሐይ ከወጣ 3 ወይም 4 ሰዓት ጠብቁ፤ የላዩ ቅርፊት ሲጠነክር መኪና ያልፋል። ተይዞ ከሆነ ሹፌሩ ጋዝ እንዳይረግጥ ለምኑት፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል። ሰው ሁሉ ይውረድ፣ ዕቃ ይውረድ። በአካፋ ከጎማው ፊት እንጂ ከኋላው አትቆፍሩ፤ ጭቃውን ከጎማ ጥርስ መካከል በእንጨት አውጡ፤ ከዚያ ከረጢት፣ በላዩ ቅርንጫፍ፣ በላዩ ድንጋይ። ባዶ ድንጋይ ብቻ የጣለ ሰው ድንጋዩ ሲሰምጥ ያየዋል። የጎማ ንፋስ መቀነስም ይረዳል፣ መንፊያ ካለ ብቻ።

ወንዝ ሌላ ነገር ነው። እዚህ አካባቢ ያሉት ወንዞች የሚሞሉት ከደጋ በሚመጣ ዝናብ ነው። እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ደጋው ላይ ከዘነበ፣ ደራሽ ውሃ ከሰዓታት በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ወንዝ ዳር እንደደረሳችሁ ውሃው ጠርዝ ላይ አንድ እንጨት ትከሉና 15 ደቂቃ ተቀመጡ። እንጨቱ ውሃ ውስጥ ከገባ እየሞላ ነው፣ አትግቡ። ውሃው ቀላ ካለና ቅጠልና ግንድ ይዞ ከመጣም እንዲሁ። በእግር የምትሻገሩ ከሆነ ከጉልበት በላይ ከሆነ ፈጣን ውሃ ይቅርባችሁ። ከጉልበት በታች ሲሆን ፊታችሁን ወደሚመጣበት አዙራችሁ፣ ዱላ ተመርኩዛችሁ፣ የቦርሳውን የወገብ ማሰሪያ ፈትታችሁ ተሻገሩ፤ ቢጥላችሁ ቦርሳው ይዟችሁ እንዳይሄድ። የአገሬው ሰው ሳይሻገር ከቆመ እሱ የሚያውቀው ነገር አለ፤ አብራችሁ ቁሙ፣ ቆሎ ብሉ።

ስምንተኛ፦ እንደደረሳችሁ

መጀመሪያ ወረዳ፣ ቀጥሎ ማደሪያ፣ ሥራ በማግስቱ። ማደሪያው የትምህርት ቤት ክፍል ከሆነ ወለሉ ላይ አትተኙ፤ ዴስክ ገጥማችሁ ተኙ። የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም፣ ስትበርም ከመሬት ብዙ አትርቅም። ቀን የምትደበቀው በዋልካው ስንጥቅና በኩይሳ ውስጥ ነው፣ የምትነክሰው ከምሽት ጀምሮ ሌሊት ነው። ስለዚህ ከግራር ወይም ከበደኖ ዛፍ ሥር፣ ከኩይሳ አጠገብ፣ ከተሰነጠቀ መሬት ላይ አትደሩ። ሳሉጉ በካላዛር የሚጠቃው ሥራው አስገድዶት እርሻ ላይ ዛፍ ሥር ስለሚያድር ነው። ሲሞቅ ውጭ ማደር ያምራል፤ ከሆነም አጎበሩ ይሰቀል፣ ጫፉ ፍራሽ ሥር ይግባ፣ ከ12 ሰዓት ማታ ጀምሮ ረጅም ልብስ ይለበስ።

ማታ ያለ ባትሪና ያለ ጫማ አንድ እርምጃ አይሄድም። ጠዋት ጫማ ሲገለበጥ ጊንጥ ሊወድቅ ይችላል። እባብ የነደፈው ሰው ይተኛ፣ እግሩ እንደተሰበረ አጥንት በእንጨት ይታሰር፣ ቀለበትና አልቦ ይውለቅ፣ ወደ ጤና ተቋም በሸክም ይሂድ። መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ጉዳቱን ያብሳል።

ውሃ፦ በዚያ ሙቀት ለአንድ ሰው በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ለመጠጥ ብቻ ያዙ፤ ለ6 ሰው ሁለት ጀሪካን እያለቀ ሦስተኛው እየታከመ ይቆያል። ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ በአራት የታጠፈ ነጠላ አጥሩት። ለ20 ሊትር የጠራ ውሃ አንድ ክዳን ውሃ አጋር (ክሎሪን ያለው የውሃ ማከሚያ) ጨምሩ፣ ነቅንቁ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ሳያጣሩ መድኃኒቱን መጨመር ዋጋ የለውም፤ ክሎሪኑን ጭቃው ይጨርሰዋል። የሽንፋ ወንዝ በበጋ እየተቆራረጠ ኩሬ ኩሬ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት እዚያ የነበሩ ሰዎች ደረቁን ወቅት ከኩሬዎቹ ዓሣ እየያዙ ያሳልፉት እንደነበር ያሳያል። ለዓሣ ጥሩ ነው፤ ለመጠጥ ግን ሳይታከም አይነካም።

ተቅማጥ የያዘው ሰው ኦአርኤስ ከሌለ በ1 ሊትር የታከመ ውሃ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ስጡት። ጨው ቢበዛ ይጎዳዋል፤ ቅመሱት፣ ከእንባ በላይ መምረር የለበትም።

ትኩሳት የተሰማው በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ያድርግ። ወባ ተገኝቶበት ኮአርተም የሚባለው ክኒን ከታዘዘለት ለአዋቂ 4 ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ ለ3 ቀን፣ በድምሩ 24 ፍሬ ነው፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳል። በሁለተኛው ቀን ሲሻል ማቆም የተለመደ ነው፣ ተመልሶ የሚያስተኛውም ያ ነው።

ዘጠነኛ፦ ሥራው

ይዛችሁ የሄዳችሁትን ዕቅድ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አታውጡት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ ርዕሰ መምህሩን፣ የአገር ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። በክረምት ተማሪው እርሻ ላይ ነው፤ የማጠናከሪያ ትምህርት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ካልሆነ ክፍሉ ባዶ ነው። ሳሉግ የሚገኘው እሑድና ገበያ ቀን ከተማ ሲወጣ ነው፤ ስለ ካላዛር ማስተማር ያሰበ ያኔ ገበያ ዳር ይቁም።

አረጋዊን «አባ»፣ እናትን «እማማ» ብላችሁ፣ ለሁሉም አንቱታ አትንፈጉ። የጉሙዝን ሕዝብ ጉሙዝ በሉ፤ ያ የድሮ የንቀት ስም ለቀልድም ቢሆን አይነሳ፣ አንድ ጊዜ ከወጣ የሦስት ሳምንቱን ሥራ ያፈርሳል። ከጎንደር የመጣ ሰው የቆላውን ሰው ማስተማር እንደሚቀናው እነሱም ያውቃሉ።

እዚህ አዲስ ነገር እየፈጠራችሁ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ አንዱ ምክንያት ነበር፤ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ መላኩም ከዚያ ዘመን የወረደ ልማድ ነው። የዚያ ልማድ ጥሩ ክፍል መዝገብ ነው፦ ስንት ሰው እንዳያችሁ፣ ምን እንደሰጣችሁ፣ ለማን እንዳስረከባችሁ በደብተር ጻፉና ቅጂውን ለወረዳው ተዉ።

አላጥሽን ማየት ይፈለጋል። ብሔራዊ ፓርኩ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ከሱዳኑ ድንድር ፓርክ የሚዋሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች አንበሳ መኖሩን በካሜራ ያረጋገጡበት ነው። ከጽሕፈት ቤቱ ፈቃድና ስካውት ሳይዙ አይገባም፤ ድንበር ላይ ነው፣ ምልክት የሌለው ጫካ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ተዉት።

አሥረኛ፦ መውጣት

የመመለሻ መኪና የሚጠየቀው በመጨረሻው ቀን አይደለም፣ በ14ኛው ቀን ነው። በዚያው ቀን ስንቁን፣ መድኃኒቱን፣ ገንዘቡን ቁጠሩ። ሦስት ቀን ተከታታይ ዝናብ ከጣለ፣ ወይም ከገንዳ ውሃ ለሁለት ቀን መኪና ካልመጣ፣ ሥራው ባያልቅም መውጣት የሚቻልበትን የመጀመሪያ ቀን ያዙ። የታመመ ካለ ቡድኑ ሁሉ አይነሳ፤ ከታማሚው ጋር አንድ የጤና ባለሙያና አንድ ገንዘብ ያዥ እስከ መተማ ሆስፒታል ይሂዱ፣ ሌላው ባለበት ይጠብቅ።

የተረፈ ስንቅና አጎበር ለማን እንደሚሰጥ ከወረዳው ጋር ተነጋግራችሁ በዝርዝር አስረክቡ። መንገድ ላይ ለተሰለፈ ሰው ማደል ግርግር ይፈጥራል።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ዶክሲሳይክሊኑ 28 ቀን ይቀጥላል። ወባ መከላከያ እየተወሰደም ሊይዝ ይችላል፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል።

ካላዛር ቀስ ብሎ የሚመጣ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር በኋላ፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ይታያል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ በግራ ጎን ከጎድን ሥር የሚዳሰስ የጣፊያ እብጠት ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ታይፎይድ ነው ተብሎ ሁለት ዙር መድኃኒት ወስዶ ያልዳነ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ቋራ ነበርኩ»። ያንን ለሐኪሙ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ደም በደቂቃዎች ይታያል፤ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 17 ቀን የሚወሰድ መርፌ ነው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ለዚሁ የተለየ ማዕከል አለው።

አስተባባሪው ከተመለሳችሁበት ቀን ጀምሮ ለ6 ወር፣ በየወሩ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ የቡድን አባል ደውሎ ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፦ ትኩሳት ነበረህ? ቀበቶህ ላልቷል?